የዕፅ ስምና ባሕርይ

ዕፀ መድኃኒትን ዐወቀ የሚባለው ማን ነው? ስሙንና ፈውሱን ከአባቱ የተቀበለው ባለመድኃኒት ነውን፣ ወይስ ዘሩን በመሣሪያ የሚመረምረው ሊቅ? ነገሩ የክብር ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍነው ነበር፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የብራስልስ ሐኪሞች ኩላሊታቸው የደከመባቸውን ሴቶች ሲመረምሩ፣ ሴቶቹ ለመክሳት ሲሉ የቻይና ዕፅ ያለበት ክኒን የወሰዱ ሆነው ተገኙ። በክኒኑ ሊገባ የታሰበው «ፋንግ ጂ» የሚባለው ሥር ነበር፤ የገባው ግን «ጓንግ ፋንግ ጂ» የተባለው፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ ያለበት ሌላ ዕፅ ነው። በዚህ የስም መመሳሰል ወደ አንድ መቶ የሚሆኑ ሰዎች ተጎዱ፤ ከእነርሱም ኋላ በካንሰር የታመሙ አሉ።

ሥር ደርቆ ከተፈጨ ቅጠልም አበባም የለውምና ዓይን ይታለላል። የዲኤንኤ ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዱቄት እንኳ የዕፁን ዘር ይለያል፤ ለዚህም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2009 «አርቢሲኤል» እና «ማትኬ» የተባሉትን ሁለት የዘር ክፍሎች መለያ እንዲሆኑ መርጠዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ዕፁ የትኛው እንደ ሆነ እንጂ ለምን እንደሚጠቅም፣ በምን መጠንም እንደሚወሰድ አይናገርም። ሁለቱም ሥሮች በቻይና ልማድ ለመክሳት የሚሰጡ አልነበሩም፤ ዕፁ ባሕር ሲሻገር ምክሩ ከአገሩ ቀረ። በሌላ በኩል ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድለውን መርዝ ልማድ ብቻውን አያየውም፤ ቻይና ራሷ ጓንግ ፋንግ ጂን በመድኃኒትነት ከመጠቀም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

በአገራችንም እንዶድ በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ እንደሚባል፣ አንዱ ዕፅ ብዙ ስም አለው። ስለዚህ ባለመድኃኒቱ ዕውቀቱን ደብቆ ወደ መቃብር ቢወስደው ትውልድን ይበድላል፤ ሊቁም ቃሉን ተቀብሎ ስሙን ቢያስቀር ባለዕዳ ሆኖ ይኖራል። የ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት በመብትነት ማስከበሩም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ዕፅን ዐወቀ የሚባለው ዕውቀቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ተረድቶ ሌላውን የሚጠይቅ ሰው ነው።