ጉድጓድ የቆፈረ ይክደነው

ንባብ፦ ዘጸአት 21፥33-34፤ ኢዮብ 28፤ ኤርምያስ 29፥4-14



የዛሬው ንባብ ከአሥርቱ ትእዛዛት ብዙም ሳይርቅ የተቀመጠ አጭር ሕግ ነው። ብዙዎቻችን ዘለነው እናልፋለን። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው ቢተወውና የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት፣ የጉድጓዱ ባለቤት ለከብቱ ጌታ ዋጋውን ይክፈል። ልብ በሉ፣ ሕጉ መሬቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ማን እንደከፈተው ነው የሚጠይቀው።

ይህ ሕግ እዚህ ገዳሪፍ ውስጥ ሩቅ አይደለም። ከከተማው ወደ ሰሜን የሚዘረጋውን የቡታና ሜዳ ታውቁታላችሁ፤ ዘላኖች ግመልና በግ የሚያሰማሩበት አገር ነው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ከተለየች በኋላ ሱዳን አብዛኛውን የነዳጅ ገቢዋን አጣች፤ ወርቅ ፍለጋውም በየሜዳው ጋለ። ከእኛም መካከል ወደዚያ የሚሄዱ ወንድሞች አሉ። በገመድ ይወርዳሉ፣ ድንጋዩን በጆንያ ያወጣሉ፣ ወፍጮ ይፈጨዋል፣ በባዜቃ ይታጠባል፣ ባዜቃው በእሳት ይተናል፣ ትንሽ ወርቅ ትቀራለች። ወርቁ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ጉድጓዱ ግን አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ አጠገቡም ሱዳኖቹ ካርታ የሚሉት የታጠበው አፈር ክምር። በግ የሚጠብቀው ልጅ በጨለማ መንጋውን ይዞ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ኢዮብ ምዕራፍ 28ን ያነበበ ይገረማል። ሰው ከሚኖርበት ርቆ ዋሻ የሚፈለፍለው፣ እግር በማይረግጠው ቦታ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው ሠራተኛ እዚያ አለ። ከላይ እንጀራ የምታበቅል ምድር ከታች በእሳት እንደምትገለበጥም ይናገራል። ምዕራፉ ወርቅ ክፉ ነው አይልም፤ የሰውን ብርታት እንዲያውም ያደንቃል። ከዚያ ግን ይጠይቃል፦ ይህን ሁሉ ያገኘ ሰው ጥበብን የት አገኛት? መልሱንም መጨረሻው ላይ ይሰጣል፦ ጌታን መፍራትና ከክፉ መራቅ። ለእኔ ያ መራቅ ከጉድጓዱ አፍ ይጀምራል።

አንዳንዱ ይላል፦ «እኔ ስደተኛ ነኝ፣ የቀን ሠራተኛ። ጉድጓዱ የነጋዴው ነው።» እውነት ነው፤ ወፍጮውና ባዜቃው የእርሱ የሆነው ሰው ዕዳው ይበልጣል፣ ሕጉም የጉድጓዱን ባለቤት ነው የሚይዘው። ግን አካፋው በማን እጅ ነው?

መክደን ደግሞ አፈር መጣል ብቻ አይደለም። ስትቆፍሩ ከላይ ያለውን ጥቁር አፈር ለብቻው አስቀምጡ፤ ሣሩን የሚያበቅለው ዘርም ሕይወትም ያለው በእርሱ ነው። ስትመልሱ ድንጋዩ ከታች፣ ጥቁሩ አፈር ከላይ። ብዙ ሰው ገልብጦ ይሞላና ለምን ምንም አልበቀለበትም ይላል። ሱዳኖቹ ሐሻብ የሚሉት ሙጫ ሰጪ ግራር ለዚህ ይጠቅማል፤ ሥሩ እንደ ባቄላና ሽምብራ አፈሩን ያዳብራል፣ ድርቅም ይችላል። ዘሩን አሳድራችሁ በውኃ ንከሩት፣ ሲዘንብ ዝሩት፣ ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ እጠሩት። ይህ አገር የሐሻብ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ ለማሽላ እርሻ በትራክተር ብዙው ተመነጠረ፤ የቀረውን ደግሞ የማገዶና የከሰል ምሳር እያሳሳው ነው። የእኛም ምሳር አለበት።

አንድ ነገር አደራ፦ ባዜቃ በታጠበበት ቦታ ባሚያም ሞሎኪያም አትዝሩ። የሙጫ ዛፍ ይሁን እንጂ የሚበላ አትክልት አይሁን። የባዜቃ ጭስ አይታይም፤ ግን ነርቭ ይጎዳል፣ በማሕፀን ያለ ልጅ ድረስ ይደርሳል። እናቶች፣ ቤት ውስጥ በምታበስሉበት ምድጃ ማንም እንዲያቃጥል አትፍቀዱ፤ ባላችሁም ቢሆን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሐሻብ ሙጫ እስኪሰጥ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል። «አምስት ዓመት እዚህ? እግዚአብሔር አያድርገው!» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ዛፍ መትከል መቅረትን እንደመፈረም ሆኖ ይታየናል፣ አይደል? የባቢሎን ምርኮኞችም እንዲሁ ነበር የተሰማቸው። ኤርምያስ በላከላቸው ደብዳቤ ግን አትክልት ትከሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም ጸልዩ አላቸው፤ በዚያው ደብዳቤ ደግሞ ትመለሳላችሁ አላቸው። አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም። ኡም ራኩባን ተመልከቱ፦ በ1980ዎቹ የረሃቡ ስደተኞች ኖሩበት፣ ሄዱ፣ ሰፈሩም ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሌላ ስደተኛ መጣበት። ያኔ ሙጫው ለማን ይደርሳል ብሎ ከመትከል የተመለሰ ሰው ከነበረ፣ ያጣነው እኛ ነን።

ቡታና ሩቅ ነው የምትሉም አላችሁ። ለጎጆአችን ግድግዳ ጭቃ ያወጣንባቸው ጉድጓዶች ከሰፈሩ ጀርባ አሉ፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይይዛሉ፣ ትንኝ ይፈለፈልባቸዋል፣ ልጆቻችን ይዋኙባቸዋል። የጎረቤቶቻችንም አህዮች የሚያልፉት በዚያ ነው። እነዚህን ማንም ነጋዴ አልቆፈራቸውም።

ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ጆንያ ይያዝ። ከውኃ መቅጃው አጠገብ ካለው ትልቁ እንጀምራለን። ሰኔ ሳይገባ ሦስቱን ብንሞላ፣ ለመጀመሪያው ዝናብ ዘሩን ነክረን እንጠብቃለን።