ባስልኤል ወይስ አዛዝኤል? የልብስ ነዳፊ ጥበብና ዕዳ

ልብስን አስቀድሞ አስቦ፣ ቅርጹን፣ ቀለሙንና አሰፋፉን ወስኖ ለሌላ ሰው ገላ የሚያዘጋጅ ባለሙያ በዛሬው አማርኛ ፋሽን ዲዛይነር ወይም የልብስ ነዳፊ ይባላል፤ ሙያው በትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ በዲግሪ የሚመረቁበትና በዓውደ ርእይ የሚታይ ዘመናዊ ሥራ በመሆኑም ስለ እርሱ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው እንዴት እንደሚገባበትና ምን ያህል ገቢ እንደሚያስገኝ ነው። ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ ይኸውም ሰውን በልብስ ማስጌጥ ከፈጣሪ የተሰጠ ጥበብ ነው ወይስ ሰውን ከመንገዱ ያወጣ ትምህርት የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በጣና ዙሪያ ለሚኖር ሰው እጅግ የቀረበ ነው፤ ሁለቱንም ተቃራኒ መልሶች የያዙት መጻሕፍት በአንድ ቀኖና ተቆጥረው የሚነበቡት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነውና።

የመጀመሪያው መልስ የኦሪት ዘጸአት ነው። በምዕራፍ 28 ለአሮንና ለልጆቹ የክህነት ልብስ እንዲሠራ ሲታዘዝ የልብሱ ዓላማ ክብርና ጌጥ እንደሆነ በግልጽ ተነግሯል፤ ሠሪዎቹም የጥበብ መንፈስ የተሞሉ ናቸው ተብሏል። በምዕራፍ 31 እና 35 ደግሞ ከይሁዳ ነገድ ባስልኤል፣ ከዳን ነገድ ኤልያብ በስማቸው ተጠርተው የወርቅና የእንጨት ሥራ፣ የጥልፍና የሽመና ዕውቀት ከላይ እንደ ተሰጣቸው፣ ሌላውን ማስተማር የሚችሉበት ልብም አብሮ እንደ ተሰጣቸው ተጽፏል። በመጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላባቸው ከተባሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነቢይም ንጉሥም ያልሆነ የእጅ ባለሙያ መሆኑ በስብከት ብዙም የማይወሳ እውነት ነው።

ሁለተኛው መልስ የመጽሐፈ ሄኖክ ነው። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ሲሆን፣ ጎንደርንና የጣናን አካባቢ የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን በ1773 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ እስኪያደርስ ድረስ የምዕራቡ ሊቃውንት ሙሉውን አያውቁትም ነበር። በምዕራፍ 8 እንደሚተረከው ከትጉሃን፣ ማለትም ከሰማይ ከወረዱት ጠባቂ መላእክት፣ አንዱ የሆነው አዛዝኤል ሰዎችን ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ አስከትሎም አምባርንና ጌጣጌጥን፣ ዓይን መኳልን፣ የከበሩ ድንጋዮችንና የቀለም ጥበብን አስተማረ፤ ከዚህም የተነሣ ክፋት በምድር ላይ በዛ። እንግዲህ ክር በቀለም የሚያስነክር፣ ጥለት የሚመርጥ፣ ሙሽራ የሚያስጌጥ ዲዛይነር የማን ተማሪ ነው?

አንዱን ምንባብ ለካህናት ልብስ፣ ሌላውን ለዓለማዊው ልብስ ሰጥቶ ከጥያቄው መገላገል ቀላል ነው፤ ክፍፍሉ ግን አይጸናም። መጽሐፈ ኩፋሌ በምዕራፍ 3 አዳም ከገነት በወጣበት ዕለት፣ ኀፍረቱን ከሸፈነ በኋላ፣ በማለዳ ዕጣን እንዳሳረገ ሲተርክ ልብስንና አምልኮን የአንድ ዘመን ልጆች ያደርጋቸዋል። በዘፍጥረት 3 ሰው በቅጠል የሰፋውን ግልድም በቁርበት ልብስ የለወጠለት ራሱ ፈጣሪ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶች እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት እርሷ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር፤ ያ ልብስ ለዘወትር የሚለበስ እንጂ ለመቅደስ የተለየ አልነበረም። በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ሙስሊሞች ዘንድ የሚነበበው ቁርኣንም በአል አዕራፍ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 26 ላይ ልብስ ኀፍረትን ለመሸፈንም ለጌጥም እንደ ተሰጠ ተናግሮ፣ የተቅዋ ልብስ፣ ማለትም አላህን መፍራት፣ ከሁሉ እንደሚበልጥ ያክላል፤ ጌጥን ሳይሽር ከበላዩ ሌላ ልብስ ያኖራል።

ለዚህ ክርክር የተሻለ መንገድ የሚያሳየው ነቢዩ ኢሳይያስ ነው። በምዕራፍ 3 የጽዮን ሴቶች አልቦ፣ ሻሽ፣ ቀለበትና መጎናጸፊያ እንደሚወሰድባቸው በረጅሙ የሚዘረዝረው ክፍል ብዙ ጊዜ ለብቻው ተነጥሎ ሴቶችን ለመገሠጽ ይጠቀሳል፤ ከዝርዝሩ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ ያለውን ክስ ግን የሚያነብ ጥቂት ነው። ክሱ የቀረበው በሽማግሌዎችና በአለቆች ላይ ሲሆን፣ ከድሃ የዘረፉት በቤታቸው እንዳለ፣ የድሆችንም ፊት እንደ ፈጩ ይናገራል። ጌጡ የተወገዘው ከዚህ ዝርፊያ ጋር ተያይዞ ነው። ሄኖክም ጌጡን ከሰይፉ ጎን ያቆመው በከንቱ አይመስልም፤ ሁለቱም ሰው በሰው ላይ የበላይነቱን የሚያሳይባቸው ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ የአንድ ልብስ ሥነ ምግባር የሚመረመረው ጨርቁ በምን ያህል እንዳጌጠ ብቻ ሳይሆን በማን ድካም፣ በምን ክፍያና በማን ስም እንደ ተሠራም ጭምር ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የአካባቢው ታሪክ የሚያኮራም የሚያሳፍርም ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት እመቤታችን የመልአኩን ብሥራት የሰማችው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነው፤ ሠዓሊዎችም በብሥራት ሥዕል እንዝርትና ፈትል አስይዘው ያሳዩአታል። በደቅ ደሴት በሚገኘው በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍተው፣ ባማረ ልብሳቸው ተሥለው ይታያሉ፤ የለባሿ ማንነት ይታወቃል፣ ልብሱን የሸመነውና የሰፋው ግን ማን እንደ ነበር ሥዕሉ አይናገርም። ፈትል ለሴት ወይዘሮ ሁሉ የሚያስመሰግን ሙያ ሆኖ ሳለ ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ሸማ የሚያደርገው ሸማኔ ከአንጥረኛው፣ ከፋቂውና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ተደምሮ ሲሰደብ፣ ቡዳ ሲባል፣ ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። ሕዝቡ በጥምቀት ነጭ ለብሶ ታቦት እየሸኘ ነጩን የሠራለትን ሰው በዘወትር ቀን ይጸየፍ ነበር ማለት ነው።

ይህን ተቃርኖ በአስተሳሰብ ሊሽሩት የሞከሩ አልታጡም። ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው በእንፍራዝ እንደ ኖሩ የሚነገርላቸው የዘርዓ ያዕቆብና የደቀ መዝሙራቸው የወልደ ሕይወት ሐተታዎች ደራሲነታቸው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ የወልደ ሕይወት ሐተታ ሰው የእጅ ሥራን እንዲማርና እንዲወድ አጥብቆ ይመክራል። በተግባር ግን ከሁሉ የራቀው የአውራምባ ማኅበረሰብ ነው። በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. በፎገራ የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ዋና መተዳደሪያው ሽመና ሲሆን፣ በአካባቢው ልማድ የወንድ የነበረውን ሽመና ሴቶች፣ የሴት የነበረውን ፈትል ወንዶች ይሠሩታል። የፋሽን ትምህርት ቤቶች ስለ ሥነ ምግባር ሲያስተምሩ ምሳሌ ፍለጋ ከፓሪስና ከሚላኖ በፊት ወደዚህ ቢመለከቱ ደግ ነበር።

ዲዛይነሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሲገባ አንድ ነገር ይለውጣል። ሸማ በባሕርዩ የማይቆረጥ፣ ከሸማኔው እጅ እንደ ወጣ የሚለበስ ጨርቅ ነው፤ ሁለት እጥፍ ሲሆን ነጠላ፣ አራት እጥፍ ሲሆን ጋቢ ይባላል፤ ትርጉም የሚሰጠውም ለባሹ ነው። አንዱን ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ ያጣፉታል፣ ለሐዘን ጥለቱን ዘቅዝቀው ይለብሱታል፣ ለአክብሮትና ለአገልግሎት ያደገድጉታል፤ ጨርቁ ሳይለወጥ ቃሉ ይለወጣል። ዲዛይነር ይህንን ጨርቅ ቆርጦ፣ ወገቡን አጥብቦ፣ ጥለቱን በደረት ወይም በእጅጌ ላይ ሰፍቶ ሲያጸናው ለባሹ ይናገር የነበረውን እርሱ አስቀድሞ ይናገርለታል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ የተሰፋ ቀሚስ ለሥራ፣ ለጉዞና ለጭፈራ ከተጣፋ ሸማ ይመቻል። ነገር ግን ከለባሹ የተወሰደው ሥልጣን ወደ ነዳፊው ስለሚዞር ነዳፊው ልብሱ በሐዘን ቤትም በመቅደስም በአደባባይም ምን እንደሚል የማወቅ ግዴታ አለበት።

ሌላው ለውጥ የጊዜ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ጌኦርግ ዚመል በ1904 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ፋሽንን ሰው ሌላውን ለመምሰልም ከሌላው ለመለየትም ካለው ሁለት ፍላጎት የሚወለድ አድርገው አብራርተውታል፤ ልዩነቱን ብዙኃኑ ሲደርሱበት ፊተኞቹ ትተውት ወደ ሌላ ያልፋሉ፣ የዓምናው ልብስም ሳያልቅ ያረጃል። በአማራው ባህል ልብስ የሚታደሰው በዓልን ተከትሎ ነው፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው ብሂል ዓምና የተለበሰውን አያጣጥልም፣ ያለው ሁሉ ለበዓሉ ክብር ይውጣ ይላል። በዓል ሰውን ከጎረቤቱ ጋር ያለብሳል፤ ፋሽን ከጎረቤቱ አስቀድሞ ያለብሳል። የኢትዮጵያ ዲዛይነር የሚሠራው በእነዚህ ሁለት የጊዜ አቆጣጠሮች መካከል ነው።

ወደ ሙያው መግቢያው መንገድስ? ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው መሸንቲ ለዚህ ጥሩ መነሻ ናት፤ በአንድ በኩል ሰፊው በፔዳል መኪና በረንዳ ላይ የሚሠራበት የገጠር ከተማ ሕይወት፣ በሌላ በኩል ባሕር ዳር በቅርብ ርቀት አሉ። ባሕር ዳር በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ከተማ ናት፤ ፖሊቴክኒኩ ከመነሻው ያስተምረው የነበረው የጨርቃጨርቅ ሙያ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የኢትዮጵያ ጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሰጣል፤ የፋሽን ዲዛይን ትምህርትም በዚያው አለ። ተማሪው የጥጥን፣ የሐርንና የፖሊስተርን ባሕርይ ይማራል፤ ሥዕል ይሥላል፤ ፓተርን ያወጣል፣ ይኸውም የልብሱን ክፍሎች በልካቸው በወረቀት ላይ መንደፍ ነው፤ ጨርቅን በቁመተ ሰው ምስል ላይ እያለበሰ ቅርጽ ያበጅለታል፤ ናሙና ይሰፋል፣ ወጪ ያሰላል። ዲግሪ ያልደረሰው በቴክኒክና ሙያ ተቋም ወይም በሰፊ ቤት ተቀጥሮ ይጀምራል፤ ብዙ የታወቁ ባለሙያዎች የመጡትም ከሌላ ትምህርት ነው።

በዚህ ሁሉ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሸማኔው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ነው። በእጅ ሽመና የጨርቁ ስፋት መወርወሪያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በሚደርስበት ርቀት ይወሰናል፤ ጥለቱም ጨርቁ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ሳይሆን በድሩና በማጉ መካከል እየተሸመነ የሚገባ ነው። ስለዚህ ጥለቱ በቀሚሱ ጫፍ፣ በደረትና በእጅጌ በትክክል እንዲያርፍ የሚፈልግ ነዳፊ ሽመናው ሳይጀመር ከሸማኔው ጋር ልኩን መነጋገር አለበት። ይህን የማያውቅ ነዳፊ በወረቀት ላይ ያማረ ሥዕል ያመጣል፤ ጨርቁ ሲቆረጥ ግን የሸማኔው የሳምንት ድካም ቁርጥራጭ ሆኖ ይጣላል። በአንጻሩ ጥለቱን በሽፎን ላይ በማሽን አሳትሞ በርካሽ ማቅረብ ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ያድናል፤ ገዢውም ድሃ ከሆነ ሊወቀስ አይገባም፤ ሸማኔው ለትውልድ ያቆየውን ጥለት ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ የሚገለብጠው ነጋዴ ግን የኢሳይያስ ክስ ይመለከተዋል።

ጌጥን መቀነስም የዲዛይነር ጥበብ መሆኑን ለመረዳት የአምሳለ አበራን ሥራ ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ ተወልደው በአሜሪካ የተማሩት እኚህ ባለሙያ በ1985 እ.ኤ.አ. ሲያገቡ በገበያው ያለው የሙሽራ ቀሚስ ሁሉ በጌጥ የተጫነ ሆኖባቸው የራሳቸውን ንድፍ ሠሩ፤ በኒው ዮርክ እስከ ሞቱበት እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስም ስማቸው የታወቀው በዚያው በጠራና ባልተወሳሰበ አሠራር ነው። ሞዴሏ ልያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው ለምለም ደግሞ የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ወደ ውጭ ገበያ አውጥቷል። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ቅርጹን አጠራ፣ ሌላው የጨርቁን ሠሪ ከገዢው ጋር ለማገናኘት ሞከረ። ከሁለቱ ለጣና ዳር ወጣት የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ የጠራ ቅርጽ በየትኛውም አገር ይማሩታል፣ ከሸማኔው ጋር የመሥራት ዕድል ግን በየአገሩ አይገኝም።

ሸማኔው እስከ ዛሬ ከስድብ በአዋጅ ተጠብቆ ከስም ግን ርቆ ኖሯል። ስለዚህ የፋሽን ትምህርት ቤቶች ተማሪውን ሳያስመርቁ ቢያንስ አንድ ነጠላ ከድር እስከ ጥለት በእጁ እንዲሸምን ሊያስገድዱት ይገባል፤ ዲዛይነሩም በልብሱ አንገት ላይ በሚሰፋው መለያ ከስሙ ሥር የሸማኔውን ስም ያክል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የድሃው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ታዛለች፤ የሸማኔውም ሒሳብ ጨርቁ በመቀስ ሳይነካ ይጠናቀቅ።