ዓይን በሌለበት ገበያ

ሶዶ ገበያ ወርዳችሁ ቅቤ ስትገዙ ማንም አያቻኩላችሁም። ሻጯ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ፈታ ታደርግላችኋለች፤ እናንተም በጣታችሁ ጫፍ ቆንጠር አድርጋችሁ ታሸታላችሁ፣ መዳፋችሁ ላይ ታሟሟላችሁ፣ ቀለሙን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ታያላችሁ። ሙዝ ቀላቅሎ የሚሸጥ እንዳለ አገር የሰማው ወሬ ነውና ጥርጣሬያችሁን እንደ ስድብ አትቆጥረውም። እንዲያውም ሳትጠረጥሩ ከገዛችሁ ትታዘባችኋለች። አንድ ቀን ችኩል ብዬ ብሩን ብዘረጋላት፣ "ቅመሰው እንጂ ጋሼ! ቅቤ በዓይን ይበላል እንዴ?" አለችኝ።

ይህቺ ጥያቄ ሰሞኑን ተመልሳ መጣችብኝ። አሁን አሁን ብዙውን ነገር የምንገዛው በዓይን ብቻ ሆኗላ! ያውም በስልክ መስታወት በኩል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ለመላክ የግድ ባንክ ቤት መሰለፍ ቀርቷል። ቴሌግራሙም፣ ፌስቡኩም፣ ቲክቶኩም ሱቅ ሆነዋል። የሰፈሬ ወጣት አልጋው ላይ ተጋድሞ አዲስ አበባ ያለ ጫማ ይመርጣል፣ ይከፍላል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሶዶ መናኸሪያ ይወርዳል። ከወረደ ማለቴ ነው። ካልወረደ ግን ያው የጥንቱ ተረት ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለመሆኑ እንዲህ ባለው ገበያ ጥሩ ሱቅ የሚባለው የትኛው ነው? ብዬ ወጣቶቹን ጠየቅሁ። አንዱ "ዋጋው የሚረክስ" አለኝ። ሌላው "ፎቶው የሚያምር" አለ። ሦስተኛው "ዋጋ ስትጠይቀው ወደ ኢንቦክስ ና የማይል" ብሎ አሳቀኝ። የእህቴ ልጅ ግን እንጀራዋን እየቆረሰች ቀና እንኳ ሳትል መለሰችልኝ፤

"ስልክ የሚያነሳ።"

"ሁሉም ያነሳል እኮ!"

"ከከፈልኩ በኋላ ነው የምልህ፣ ጋሼ።"

ልጅቷ ሳታውቀው ሊቃውንቱ ከደረሱበት ቦታ ደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ዎልፊንባርገርና ጊሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የኢንተርኔት ሱቅን ጥራት በአራት ከፍለው አጥንተውት ነበር፤ የገጹ አሠራር፣ ቃልን መፈጸም፣ የገንዘብና የግል ምስጢር ደኅንነት፣ የደንበኛ አገልግሎት በማለት። ደንበኛን በማርካት ከአራቱ ጎልቶ የወጣው ቃልን መፈጸም ነው፤ ያሳዩትን ዕቃ ራሱን፣ ባሉት ጊዜ ማድረስ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ፓራሱራማን፣ ዘይታምልና ማልሆትራ ነገሮች ሲበላሹ ብቻ የሚፈተኑትን የጥራት ዓይነቶች ለብቻቸው ለይተው አወጡ። ለችግሩ ምላሽ መስጠት፣ መካስ፣ በመጨረሻም ደውለው የሚያገኙት ሰው መኖር። በእህቴ ልጅ ቋንቋ ሲነገር፣ ስልክ የሚያነሳ።

እኔም ይህን የተማርኩት በኪሴ ነው። አምና ከአንድ ቻናል ጫማ አዘዝኩ። በፎቶው ላይ ጥሩ ቡናማ ቆዳ ነው፤ ክሩ ሳይቀር ይታያል። ሻጩም ገንዘቡን እስክልክ ድረስ እንዴት ያለ ጨዋ ነበር መሰላችሁ! "አባቴ" ይለኛል፣ "ይመኑኝ" ይለኛል። ዕቃው ሲመጣ ፕላስቲክ ነው፤ ቁጥሩም ከእግሬ ያንሳል። ደወልኩ፣ አይነሳም። በእህቴ ልጅ ስልክ ደወልኩ፤ "አቤት" አለና ድምፄን ሲሰማ ዘጋው። ከዚያ በኋላ በእኔም በእሷም ስልክ ዝም አለ። ጫማው እስከ ካርቶኑ አልጋዬ ሥር አለ።

እዚህ ላይ የቅቤ ሻጯ ከጫማ ሻጩ የተሻለች ነፍስ አላት ለማለት አልደፍርም። እሷን የሚጠብቃት ነገር አለ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተመልሼ እመጣለሁ። ጎረቤቷ ታውቀኛለች። ምናልባትም በአንድ ለቅሶ ቤት እንገናኛለን። እኛ ይሉኝታ የምንለው ይህ ነው። ስንቱ ሰው በሕሊናው ሳይሆን በይሉኝታው ታማኝ ሆኖ እንደኖረ እግዜር ይወቀው። በስልኩ ገበያ ግን የሚያይ ዓይን የለም። በሌላው ዓለም ያሉ ትልልቅ ሱቆች ይህን ጉድለት በኮከብና በደንበኞች አስተያየት ሊሞሉት ሞክረዋል፤ በመኪና የተሠራ ይሉኝታ በሉት። የኛ ሰፈር ሻጭ ግን አስተያየት መስጫውን መዝጋት፣ ካልሆነም የቻናሉን ስም በአንድ ሌሊት መለወጥ ይችላል።

በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን ከማወያይባቸው ታሪኮች አንዱ ፕላቶን የጻፈው የልድያው እረኛ ነበር። እረኛው አንድ ቀለበት ያገኛል፤ ፈርጡን ወደ መዳፉ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። ታዲያ ምን አደረገበት? ንጉሡን ገድሎ መንግሥቱን ወሰደ። ጥያቄው፣ ያ ቀለበት በእጁ ገብቶ ጻድቅ ሆኖ የሚቀር ሰው አለ ወይ? ነው። ያኔ ለተማሪዎቼ የሩቅ አገር ተረት ይመስላቸው ነበር። ዛሬ ቀለበቱ በየኪሳችን ነው፤ በየማታው ቻርጅ እናደርገዋለን።

ሕግ የለም ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ወጥቷል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ እንደማይገደድም ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ታወጀ። መልካም ነው። ነገር ግን ለአንድ ጥንድ ጫማ ብሎ ማን ክስ ይመሠርታል? ከሶዶስ ተነሥቶ ስሙን ከሚለዋውጥ ቻናል ጋር የት ይካሰሳል? ለትንሹ ነገር የሚቀረን ያው የሰውየው ቃል ነው።

እስካሁን የበደለኝን ሰው ከሰስኩ። አሁን ተራው የእኔ ነው።

ጊፋታ ሲቃረብ ለአንድ ወዳጄ ዱንጉዛ ልልክለት አሰብኩ። እዚሁ ሶዶ በቴሌግራም የምትሸጥ አንዲት ወጣት አለች። ፎቶውን ላከችልኝና ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ "ጋሼ፣ በፎቶው ላይ ቀዩ ደምቆ ነው የሚታየው፤ በአካል ትንሽ ጠቆር ይላል። ከታች በኩል ደግሞ አንድ ክር ወጥቷል። ካልወደዱት ሌላ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይታገሡኝ።" እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ግድ የለም፣ ይሄኑ ላኪልኝ፣ ሲደርሰኝ እከፍላለሁ አልኳት። ቀን ቆረጥን።

በቀጠሮው ዋዜማ ገበያ ወርጄ ተመሳሳይ ዱንጉዛ በሁለት መቶ ብር ረክሶ አገኘሁ። ገዛሁት። በማግስቱ ዕቃውን የያዘው ልጅ ደወለ። ቁጥሩን አየሁት፤ አላነሳሁም። ሁለተኛ ደወለ። ሦስተኛ ሲደውል ስልኩን አጠፋሁት። ከበሩ ውጭ የባጃጅ ድምፅ ቆሞ ቆይቶ ሲሄድ ቤት ውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለሁ፣ ስለ ልድያው እረኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ ከገዛ መጋረጃዬ ጀርባ ተደብቄ!

ማታ ስልኩን ስከፍት መልእክት አገኘሁ። ስድብ ጠብቄ ነበር። "ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ስልክዎ አልሠራ ሲል አሰብን" ይላል።

በማግስቱ ደወልኩላት። አሞኝ ነበር ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ በስንት ትግል ዋጥኩት። ረክሶ አገኘሁና ገዛሁ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ "ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ ልጁ ባጃጅ ተኮናትሮ አይለፋም ነበር" አለች። አልተቆጣችም። የባጃጁን ሒሳብ ላኩላት፣ ዱንጉዛውንም ልውሰድ አልኳት። ሒሳቡን ተቀበለችኝ፤ ዱንጉዛው ግን ጠዋት ለሌላ ሰው ተሸጦ ነበር።

ስለ ሱቅ ጥራት ስናወራ ሁልጊዜ የምንለካው ሻጩን ነው። ይገባል፤ ገንዘባችን በእጁ ነውና። ግን ዓይን በሌለበት ገበያ ሁለቱም ወገን ቀለበቱን አጥልቋል። ጫማ ሻጩ ከከፈልኩት በኋላ ስልኬን አላነሳም። እኔ ደግሞ ላኪልኝ ካልኩ በኋላ ስልኳን አላነሳሁም። የእሱ ጥፋት በብር ሲመነዘር ይበልጥ ይሆናል፤ ሥራው ግን አንድ ነው። እንደኔ ያለ ደንበኛ ሦስት አራት ጊዜ ከገጠማት፣ ያቺ ልጅ ነገ "ቅድሚያ ካልከፈሉ አልልክም" ትላለች። ከዚያ ወዲያ የወጣውን ክር መናገሩን ትቀጥልበት ይሆን? ለእሷም ፈራሁላት።

የጫማ ሻጩ ቁጥር እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። በፊት ባየሁት ቁጥር እረግመው ነበር። አሁን እርግማኑ አፌ ላይ ይደርስና፣ ያ የባጃጅ ድምፅ ይመጣብኛል።