ሰፈሩ ሁሉ ምስክሬ ነው

አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ግቢ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ወንዶች ልጆች ተወለዱ። ዘመኑ ቀለበት መንገዱ የሚሠራበት ነበር። የአፈር መኪናው ሲመላለስ ይውላል፤ አቧራው ማጀት ድረስ ይገባል።

የአንደኛው ልጅ አባት በሰፈሩ የተከበረና እጁ የተፈታ ሰው ነበር። ልጁን ክርስትና ባስነሣ ዕለት በግ አርዶ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ ግቢው እስኪጠብ ደገሰ። በማግስቱ የሁለተኛው ልጅ እናት "ጋሼ፣ የልጆቹን የልደት ወረቀት አብረን እናውጣ?" ብትለው ሣቀ።

"እህቴ፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ሰፈሩ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ሄዷል። ሰፈሩ ሁሉ ምስክሬ ነው።"

ሴትየዋ በጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች የምታድር ነበረች። ዕቃዋን ለአጠገቧ ነጋዴ አደራ ሰጥታ፣ ሕፃኗን አዝላ፣ የተጠየቀችውን ሁሉ አሟልታ የልጇን የልደት ሰርተፊኬት አወጣች። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ከእድር ደብተሯ ጋር ሣጥን ውስጥ አኖረችው። ለምን እንደዚያ እንደደከመች ለማንም አልተናገረችም።

ልጆቹ አብረው አደጉ። አብረው ኳስ ተራገጡ፤ አብረው ትምህርት ቤት ተመላለሱ። የባለድግሱ ልጅ ግን ቁመቱ ቶሎ ተመዘዘ፤ በ14 ዓመቱ ሪዝ አወጣ። የጉሊቷ ልጅ እንደ ሕፃንነቱ ቀረ። አንድ ምሽት ሁለቱም ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ሆነው የአንድ ሱቅ ቁልፍ ሰበሩ። ሁለቱም ገቡ፣ ሁለቱም ዕቃ አወጡ፣ ሁለቱም በዚያው ሌሊት ተያዙ። ጥፋታቸው አንድ ነበር፤ ዕድሜያቸውም አንድ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ደግሞ ለአዋቂ በተደነገገው ቅጣት አይቀጣውም፤ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋር እንዲታሰርም አይፈቅድም። እናትየዋ ጎሕ ሲቀድ ላስቲኩን ፈትታ ወረቀቷን መርማሪው ፊት ዘረጋች። ልጇ በሕፃን ወግ ታየ፤ ተገሥጾና ተመክሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የዚያኛው ዕድሜ በቁመቱ ተገመተ። መዝገቡ ላይ "18" ተብሎ ተጻፈ። አባቱ "ምስክር አለኝ" ብሎ ፍለጋ ወጣ። የልጁ ክርስትና አባት ሞተዋል። ያዋለደችው ሴት ሀገሯ ገብታለች። አንዱ ጎረቤት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ለቋል፤ አንዷ ቤይሩት ናት። የክትባት ካርዱን የክረምት ፍሳሽ አበስብሶታል፤ የክርስትና ወረቀት ያኔ የጠየቀ አልነበረም። በመጨረሻ ሁለት አሮጊቶች ተገኙ።

"እማማ፣ ልጄ መቼ ነው የተወለደው?"

"ቀለበት መንገዱ ሲቆፈር ነዋ፣ የኔ ልጅ።"

"ኧረ አስፋልቱ ሲነጠፍ ነው!" አሉ ሁለተኛዋ።

ሁለቱም ከልባቸው ነበር የተናገሩት። በቁፋሮውና በአስፋልቱ መካከል ግን ዓመታት አሉ። ፍርድ ቤቱ ልጁን ለዕድሜ ምርመራ ወደ ሐኪም ላከው። ሐኪሙ አጥንቱን በራጅ አየ፤ አጥንት ደግሞ ዕድሜን በግምት እንጂ በቀን አይናገርም። ነገሩ እስኪጣራ ልጁ ከጎልማሶች መሐል ሳምንታት አደረ። ሲፈታ አባቱ በር ላይ አቀፈው። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ኳስ ሜዳ አልወረደም፤ ሰው ሲያይ ይሸሽ ጀመር።

አባትየው አንድ ቀን ጉሊቷ ድረስ ሄዶ ከሴትየዋ አጠገብ ተቀመጠ።

"እህቴ፣ ይህ እንደሚመጣ ያኔ በምን አወቅሽ?"

"አላወቅሁም፣ ጋሼ። ልጄ ቁልፍ ይሰብራል ብዬ እንዴት አስባለሁ? እኔ ስዳር ገና ከልጆች ጋር የምጫወት ነበርኩ። ሽማግሎቹ 'ደርሳለች' አሉ። እናቴ 'አልደረሰችም' ብላ ብታለቅስ፣ የእናት ሆድ ነው ብለው አለፏት። ስንት ዓመቴ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ልጄን ስወልድ፣ የእሱን ዕድሜ ሌላ ሰው አይቆርጥለትም ብዬ ማልኩ።"

አባትየው አቀረቀረ። "እኔ ሰፈሩን አምኜ…"

"ሰፈሩ አልከዳዎትም፣ ጋሼ። ሰው ግን ይሞታል፣ ይሄዳል፣ ይረሳል። ለልጅ ምስክር ሲያቆሙለት፣ እርስዎ ካለፉም በኋላ የሚናገርለትን ያቁሙለት።"

ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ተጀመረ። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ5 ዓመት በታች ከነበሩ ከየ100 ሕፃናት ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የሰፈረው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አባትየው ይህን ሰምቶ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሣ።

"ወገኖቼ፣ ለልደት ምዝገባ የተሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። የሙስሊም ወንድሞቻችን አቂቃ በ7ኛው ቀን ነው። ሁላችንም ከ90 በፊት ደግሰን እንጨርሳለን፤ ለድግስ የሮጠ እግር ወረዳ ለመሄድ አይስነፍ። ሆስፒታል የወለደች የልደት ማሳወቂያዋን ትያዝ። አባት ባይኖር እናት ታስመዘግባለች። እናትም ባትኖር የሚያሳድገው ሰው ያስመዘግባል። ቀኑ ያለፈበትም ይሂድ፤ ማስረጃ ቢበዛበትም በሩ አልተዘጋበትም።"

አንድ ወጣት አባት "ጋሼ፣ የእኔ ገና ጨቅላ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲገባ አወጣለታለሁ" አለ።

"ልጄ፣ ትምህርት ቤት የሚጠይቅህ አንድ ቀን ነው። ልጅህ ግን ዕድሜ ልኩን ይፈልገዋል። ያለ ዕድሜው ሊድሩት፣ ያለ ዕድሜው ሊያሠሩት፣ ያለ ዕድሜው ሊያስሩት የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ 'መቼ ተወለደ?' ይላል። ያን ጊዜ አንተ በሕይወት ላትኖር ትችላለህ።"

ወጣቱ በዚያው ሳምንት ልጁን አስመዘገበ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃን ሁሉ ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን መብት ከመዝገብ የሚያገናኘው የወላጅ እግር ነው። ሕፃኑ ራሱ ሄዶ መናገር አይችልም፤ ሲያድግ ደግሞ የተወለደበትን ቀን ከሌላ አፍ እንጂ ከራሱ ትዝታ አያገኘውም። ስለዚህ በቤታችሁ ሕፃን ያለ ሁሉ፣ ምርቃቱን ተቀበሉ፤ ድግሱንም ደግሱ። ከዚያ ተነሡና ወረዳ ሂዱ። ለልጅ ከሚከፈሉት ዕዳዎች ሁሉ ይህ በጊዜው ሲከፈል ቀላሉ፣ ሲዘገይ ከባዱ ነው።