የፈረምኩት ወረቀት



ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የምትማረው የአሥር ዓመት ልጄ ባለፈው ወር አንድ ወረቀት ይዛ መጥታ «አባዬ፣ ፈርምልኝ» አለችኝ። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነፃ እንድትሆን የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃት «ሒጃብ የለበስን ልጆች ዳር ቁጭ ብለን ነው የምናየው» አለችኝ። እኔም ነገሩን ከሐያእ ቆጥሬ ሳላመነታ ፈረምኩ።

ማታ የምሳ ዕቃዋን ስንከፍት ሽሮው እንዳለ ተመልሷል። በቦርሳዋ ውስጥ የቺፕስ ላስቲክና ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ተገኘ። የገዛችበትን ገንዘብ የሰጠኋት ደግሞ እኔው ነኝ! ያን ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ፤ በአንድ ቀን ሩጫዋን ከልክዬ ስኳር የገዛሁላት አባት፣ አላህ (ሱ.ወ) የሰጠኝን አማና እየጠበቅኩ ነውን?

ውድ አንባብያን! 330 ሚሊ ሊትር የኮላ መጠጥ 35 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ይህ ከስምንት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ሴቶቹን ለይቶ አላስቀረም።

ዲናችንስ ምን ይላል? በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) መብላትንና መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን ከልክሏል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ከሦስት እንድንከፍል አስተምረዋል። በኸይበር ጉዞ ላይ ከሶሐቦች ጋር የተመገቡት ሰዊቅ፣ ማለትም የተቆላ እህል ዱቄት፣ ከእኛው በሶ የሚለይ አይደለም። እኛ ግን ልጆቻችን በሶን የድሃ ምግብ ብለው ሲያፍሩበት ዝም እንላለን። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሮጠው አንድ ጊዜ መቅደማቸውን፣ ኋላም ሰውነታቸው ሲከብድ መቀደማቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ታዲያ ልጄን ዳር ያስቀመጣት ሐያእ ነው ወይስ የእኔ ስንፍና?

«ወንዶች ባሉበት እንዴት ትሩጥ?» የሚል ወንድም ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሰፊ ልብስና የተለየ ሰዓት መጠየቅ እንጂ አግዳሚ ወንበር አይደለም። መድረሳዎቻችንም ቢሆኑ ቅዳሜና እሑድ ልጆችን ከጧት እስከ ዙህር አስቀምጠው ሲያስቀሩ፣ ሩብ ሰዓት ሜዳ ላይ ቢለቋቸው ለሒፍዙም ይረዳል እንጂ አይጎዳም።

ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የቁርስና የምሳ ምገባ የጀመረው በባዶ ሆዳቸው የሚማሩ ልጆች ስለነበሩ ነው። በአንድ ከተማ አንዱ ልጅ ቁርስ አጥቶ ሲቸገር ሌላው ሽሮውን ሳይነካ ይመልሳል። ለዚህ ኒዕማ አኺራ ላይ እንጠየቃለን።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ፊርማዬን አነሳሁ። ልጄ በረጅም ሱሪና በሰፊ ሸሚዝ ሒጃቧን እንደለበሰች እንድትሠራ ጠየቅኩ። የስፖርት መምህሩ «እስከ ዛሬ የጠየቀን ወላጅ ስለሌለ ነው እንጂ እኛ መች ከለከልን?» አለኝ። አፈርኩ። ለዓመታት ትምህርት ቤቱን ስወቅስ በሩን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ትሮጣለች። በሶዋን ግን ገና እያጉረመረመች ነው የምትጠጣው። ወላጆች ሆይ! ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት የምሳ ዕቃውን ክፈቱ።

አላህ ልጆቻችንን በኢማንም በአካልም ብርቱ ያድርግልን። አሚን።