ስለ መሸጥና ስለ መልቀቅ

ሰው አንድ ነገር «ገዛሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ የማያውቅ ያለ አይመስልም። ሕፃን እንኳ ከሱቅ ከረሜላ ገዝቶ ሲወጣ ከረሜላው የራሱ እንደ ሆነ፣ ባለሱቁም ተከትሎ መጥቶ ከአፉ ሊያስተፋው እንደማይችል ያውቃል። በዘመናችን ግን ይህ ቀላል ነገር ቀላል መሆኑ ቀርቷል። ስልክ ወይም ኮምፒዩተር፣ ወይም በመሣሪያ የሚነበብ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከከፈለ በኋላ በእጁ የገባው ነገር በእውነት የእርሱ ነውን? ይህ ጥያቄ ዛሬ ሕግ አውጪዎችንም ዳኞችንም የሚያከራክር ሆኗል። እኔ ራሴ እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች እጅግ የምወድ፣ አዲስ ዕቃ ወጣ ሲባል ወሬውን ሳልሰማ የማላድር ሰው ነኝና የምጽፈው ከጥላቻ እንዳይደለ አንባቢዬ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

አንድ ሰው በቅሎውን ወደ ገበያ አውጥቶ ሸጠ እንበል። ዋጋውን ተቀብሎ ገመዱን ለገዢው አስረከበ። ገዢውም በቅሎዋን ወደ ቤቱ ወስዶ ካሰራት በኋላ፣ ሻጩ በሌሊት ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሲያፏጭ በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ ወደ ቀድሞ ጌታዋ ብትሮጥ፣ ይህንንም ሻጩ በፈቀደ ጊዜ ሁሉ ብታደርግ፣ ያ ሰው በቅሎ ሸጠ ይባላልን? ገንዘብ መቀበሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን መሸጥ ማለት ዋጋ ከመቀበል ጋር እጅን ማንሣትም ነውና ሸጠ ለማለት ያስቸግራል።

በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1204 ላይ ባለሀብትነት በአንድ ግዙፍ ዕቃ ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው መብት እንደ ሆነ ይናገራል። በሚቀጥለውም ቁጥር ባለሀብቱ በሀብቱ እንደ ወደደ ሊገለገልበት፣ በዋጋም ሆነ ያለ ዋጋ ለሌላ ሊያስተላልፈው፣ ሲሞትም ሊያወርሰው እንደሚችል ይገልጻል። እዚህ ላይ «ግዙፍ» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል። በቅሎ ግዙፍ ናት፤ በወረቀት የታተመ መጽሐፍም ግዙፍ ነው። በመሣሪያ ውስጥ የሚኖር ፕሮግራም ግን የማይዳሰስ ነገር ስለ ሆነ የዛሬው ሻጭ ብዙ ጊዜ ሾልኮ የሚወጣው በዚህች ቀዳዳ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ታሪክ ልለፍ። ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ2009 ዓ.ም. በጁላይ ወር አማዞን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኪንድል በተባለው ማንበቢያ መሣሪያ ላይ እንዲነበቡ ሸጧቸው የነበሩትን የአንድ ደራሲ መጻሕፍት ከገዢዎቹ መሣሪያ ውስጥ በሩቁ ሆኖ አጠፋቸው። ገዢዎቹ አልተጠየቁም፤ ገንዘባቸው ግን ተመለሰላቸው። ከጠፉት መካከል ሁለቱ እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል የጻፋቸው ናቸው፤ አንደኛው በእንስሳት የተመሰለው ታሪክ፣ ሁለተኛውም «1984» የሚባለው ነው። በዚህ በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያለው መንግሥት የማይፈልገውን ጽሕፈት ሁሉ በጉድጓድ እየጣለ ያቃጥላል፤ የነበረውም ነገር እንዳልነበረ ይሆናል። ከዓለም መጻሕፍት ሁሉ ይህ መጽሐፍ እንዲህ ባለው መንገድ መጥፋቱ፣ ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ደራሲው አበዛው የሚያሰኝ ነበር።

ከገዢዎቹ አንዱ ተማሪ ነበረ። ለትምህርቱ ሲል መጽሐፉን እያነበበ በየገጹ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። መጽሐፉ ሲጠፋ ማስታወሻው የሚያርፍበት ገጽ አጣ። ተማሪው ከሰሰ፤ ኩባንያውም በዕርቅ ጨረሰ። የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስ በዚያው ወር ሥራው ሞኝነት እንደ ነበረ በግልጽ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል፤ ይህንንም ማንሣት ተገቢ ነው፤ ሁሉም ሻጭ እንዲህ አያደርግምና።

ኩባንያው ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። መጽሐፎቹን ለሽያጭ ያቀረበው አሳታሚ የማሳተም መብት ያልነበረው ኖሯል፤ እንግዲያውስ የተሸጠው የሌላ ሰው ሀብት ነበረ። ምክንያቱ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ከመጻሕፍት መደብር የገዛሁት መጽሐፍ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፣ ባለመደብሩ በሌሊት የቤቴን በር ከፍቶ ገብቶ፣ መጽሐፉን ከራስጌዬ አንሥቶ፣ ዋጋውንም ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ ቢሄድ፣ ማለዳ ስነሣ ገንዘቤ በመመለሱ ደስ ይለኛልን? እኔስ በሩን አስለውጥ ነበር። በዚህ ታሪክ የሚያስደነግጠው ኩባንያው መጽሐፉን መውሰዱ ብቻ አይደለም። ለካስ ሊወስድ ይችል ነበር፤ ማንም ገዢ ይህን ሳያውቅ ሁልጊዜም ይችል ነበር። ፉጨቱ እስኪሰማ ድረስ በቅሎዋ የማን እንደ ሆነች አልታወቀም።

አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ነገር የቃል ድኽነት አልነበረባቸውም። ሽያጭ አለ፣ ኪራይ አለ፣ ውሰት አለ፣ አደራ አለ። ገንዘብ ያበደረ ሰው ብድሩ እስኪመለስለት ድረስ የተበዳሪውን መሬት እያረሰ የሚበላበት ወለድ አገድ የሚባል ውልም አለ። በወለድ አገድ የያዘ ሰው መሬቱን እንደ ራሱ ያርሰዋል፤ ነገር ግን የእኔ ነው አይልም፤ ጎረቤቱም የእርሱ ነው አይለውም። እያንዳንዱ ቃል የየራሱ ግዴታ አለበትና ሰው በአንዱ ስም ተዋውሎ በሌላው ቢፈጽም አታላይ ይባል ነበር። ዛሬ ግን በመሣሪያችን ላይ «ግዛ» የሚል ቁልፍ እንነካለን፤ ማንም በማያነበው ረጅም ውል ውስጥ ደግሞ የተሰጠን «የመጠቀም ፈቃድ» ብቻ እንደ ሆነ፣ ሻጩም በአንዳንድ ምክንያት ሊያነሣው እንደሚችል ተጽፏል። በትልቁ ፊደል ሽያጭ፣ በትንሹ ፊደል ኪራይ። እንዲያውም ኪራይ ይሻላል፤ ተከራይ ቢያንስ ተከራይ መሆኑን ያውቃል።

የአሜሪካው የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን አይቶ በ2024 አንድ ሕግ አወጣ፤ ከ2025 ጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮም ጸና። ሕጉ እንዲህ ያለውን የማይዳሰስ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳያሳውቀው «ግዛ» በሚለው ቃል እንዳይጠቀም ያዝዛል። አንዳንዶች ይህን ሕግ ሲያቃልሉት ሰምቻለሁ፤ ዕቃውን ለገዢው አልሰጠውም፣ ቃል ብቻ አስለወጠ ይላሉ። እኔ ግን ቀላል ነገር ሆኖ አይታየኝም። ሰው ፈቃድ ብቻ መሆኑን እያወቀ ከከፈለ አልተበደለም፤ በደሉ የሚጀምረው ስሙ ሲለወጥበት ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም ለሰው በጎ እያደረጉ ከእርሱ መደበቅ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ በ2017 ባትሪያቸው ያረጀ አይፎን ስልኮች በድንገት እየጠፉ እንዳያስቸግሩ በእድሳት በላከው ፕሮግራም አማካይነት ፍጥነታቸውን ይቀንስ ነበር። ሰዎች መርምረው ከደረሱበት በኋላ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ኩባንያው አመነ፤ የባትሪ መለወጫውንም ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገው። በ2020 የፈረንሳይ መንግሥት 25 ሚሊዮን ዩሮ አስከፈለው። የተቀጣበትም ምክንያት ለገዢዎቹ ባለመንገሩ ነው። በእኔ አስተያየት ሥራው ራሱ ክፉ አልነበረም፤ በመንገድ ላይ ድንገት ከሚሞት ስልክ ቀስ ብሎ የሚሠራ ስልክ ይሻላል። ነገር ግን ስልኩ የዘገየበት ሰው ባትሪ ብቻ ቢለውጥ እንደሚፈጥንለት ስላላወቀ ዕቃው አለቀለት ብሎ አስቦ አዲስ ለመግዛት ይነሣል። የተደበቀው በጎ ሥራ ለሻጩ ትርፍ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ነው። ሻጩ ይህን አስቦ ነበር ወይ? ልቡን ማን ያያል! ነግሮ ቢሆን ኖሮ ግን ልቡን መመርመር አያስፈልገንም ነበር።

እኔም የራሴን ስልክ (የሌላ ኩባንያ ሥራ ነው፤ ስሙ ይቅር) ባትሪው ስለ ደከመ ስልክ ለሚጠግን አንድ ወጣት ሰጠሁት። እጁ የሠለጠነ ልጅ ነው፤ ሳልቀመጥ ጨረሰው። ስልኩ ሲከፈት ግን ባትሪው የማይታወቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ብናጠፋው ተመልሶ ይመጣል። ተበሳጭቼ፣ «ዕቃው የእኔ፣ ገንዘቡ የእኔ፣ ይህ ማን ነው የሚቆጣኝ?» ብለው ልጁ ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ስልኩ የእርስዎ ነው፤ ፈቃዱ ግን የእነሱ ነው» አለኝ። በአሜሪካ አገር ያሉ ገበሬዎችም በትራክተራቸው ላይ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። የእኛ ገበሬ ማረሻው ሲደንዝ ወደ ፈለገው ቀጥቃጭ ይወስደዋል፤ የእነርሱ ትራክተር ግን ሲቆም የኩባንያው ሰው ፕሮግራሙን እስኪከፍተው ድረስ ዝናብ እየመጣ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበረ። የኮሎራዶ ግዛት በ2023 ገበሬ የገዛውን መሣሪያ ራሱ ወይም የመረጠው ሰው እንዲጠግነው የሚያስችል ሕግ ያወጣው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ሻጩ ከሸጠው ዕቃ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ ብል ሐሰት እናገራለሁ። በ2017 በሜይ ወር ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቈልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች እንኳ በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን እድሳት ከሁለት ወር በፊት በማርች አውጥቶት ነበር፤ የተጎዱት በብዛት ያልተቀበሉት ናቸው። እንግዲህ የሻጩ እጅ አንዳንድ ጊዜ የሐኪም እጅ ነው። ሆኖም ሐኪም እንኳ በር አንኳኩቶ ይገባል፤ የሚሰጠውንም መድኃኒት ምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ታማሚው እምቢ ቢለውም ጉዳቱን አስረድቶ ይሄዳል። ከነጋዴው የምፈልገው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

እስካሁን የከሰስሁት ሻጩን ነው፤ አሁን ግን ወደ እኛ ልመለስ፤ ይልቁንም ወደ ወጣቶች። «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚለውን ቁልፍ ሳያነብ ያልነካ ከእናንተ መካከል ማን አለ? እኔም የማላስታውሰውን ያህል ጊዜ ነክቻለሁ። ይህ በጽሑፍ የተሰጠ ሐሰት ነው። እርግጥ ውሉ ሆን ተብሎ ረዝሟል፤ ባንስማማም የሚሸጥልን የለም፤ ስለዚህ ጥፋቱ እኩል አይደለም። ነገር ግን ሻጩ «ግዛ» ብሎ ሲዋሽ እኛ ደግሞ «አነበብሁ» ብለን እየዋሸን የሚፈጸም ውል ከሁለቱም ወገን የተበላሸ ነው። ከዚህም በቀር፣ ኩባንያዎቹ ስለሚያታልሉን ፕሮግራማቸውን ሳይከፍሉ ገልብጦ መጠቀም ተገቢ ነው የሚሉ አሉ። ያን ፕሮግራም ግን ሌሊት ቁጭ ብሎ የጻፈው እንደ እናንተ ያለ ወጣት ሊሆን ይችላል። በዚህ ነገር እኔም በወጣትነቴ ንጹሕ አልነበርሁም።

ስለ ማውረስ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። አባቴ የተወልኝ ጥቂት መጻሕፍት አሉኝ፤ በየገጻቸው ዳር በእርሳስ የጻፈው አለ፤ አንዳንዱን ከደራሲው ጋር ይከራከርበታል። እኔ ደግሞ በማንበቢያ መሣሪያዬ ከመቶ የሚበልጡ መጻሕፍት አከማችቻለሁ፤ በእነርሱም ላይ ብዙ ጽፌአለሁ። የሚቀመጡበትን ቦታ ክላውድ ይሉታል፤ ደመና ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት በዘመኔ እንዲህ ቃል በቃል ይፈጸማል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ባለፈው ሰሞን ልጄ የአያቷን መጽሐፍ እያገላበጠች፣ «አባዬ፣ ያንተዎቹስ ለማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተነሥቼ ውሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብሁት። ለሌላ ሰው እንዳይተላለፉ ይከለክላል። «እነዚያን እንኳ ላወርስሽ አልችልም ልጄ፤ አልተሸጡልኝም ኖሯል» አልኋት።