ክፍተት ጉድለት ነውን?

ሰው የእጅ ሥራን የሚመዝነው አብዛኛውን ጊዜ በመግጠሙ ነው። በር ከመቃኑ፣ ክዳን ከአፉ፣ ሳንቃ ከግድግዳው ገጥሞ ሲታይ «እጁ ይባረክ» ይባላል፤ ክፍተት የታየበት እንደሆነ ግን ባለሙያው ይታማል። ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል ነውን? ጥያቄውን ከእግራችን ሥር፣ ከቤታችን ወለል ተነሥተን እንመርምረው።

ላሚኔት የሚባለው የወለል ንጣፍ እ.ኤ.አ. በ1977 በስዊድን አገር የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ቤቶችም የተለመደ ነው። ፊቱ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀት ነው፤ ልቡ ግን ደቅቆ የተጨመቀ እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ ደቅቆም ቢሆን ተፈጥሮውን አይለቅም፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ንጣፉ ከሥሩ ካለው ሊሾ ጋር በምስማርም ሆነ በማጣበቂያ አይያያዝም፤ ሳንቃዎቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው እንደ አንድ ገበታ ይዘረጋሉ። ስለዚህም የእያንዳንዱ ሳንቃ ጥቂት ለውጥ ተደምሮ ከዳር ይደርሳል። በግድግዳው ዙሪያ፣ በመቃንና በቧንቧ አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። በመጨረሻም ዞኮሎ ይሸፍነዋል፤ ዞኮሎውም የሚመታው ከግድግዳው ጋር እንጂ ከንጣፉ ጋር አይደለም።

እኔ ይህን የተማርሁት በገዛ ቤቴ ነው። በበጋ ወራት ሳሎኔ ሲነጠፍ፣ ወጣቱ አናጢ በሳንቃውና በግድግዳው መካከል ሽብልቅ እየሰካ ሲሄድ አየሁ። ስንፍና መሰለኝና «አስጠግተህ ግጠመው» አልሁት። «ጋሼ፣ ክረምት ሲገባ መላወሻ ይፈልጋል» አለኝ። «ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ» ብዬ አፉን ዘጋሁት። ሽብልቁን ነቅሎ እንዳዘዝሁት ገጠመው። መኝታ ቤቱን ሲያነጥፍ ግን እኔ በቤት አልነበርሁም።

ሐምሌ ሲጋመስ የሳሎኑ ወለል ከመካከሉ ጎበጠ፤ ሲረገጥም ይንቋቋ ጀመር። መኝታ ቤቱ ግን እንደተነጠፈ ነው። ዞኮሎውን አስነቅዬ ባይ፣ የሳሎኑ ሳንቃ ግድግዳውን ነክሶ ቆሟል፤ በመኝታ ቤቱ ክፍተቱ ዙሪያውን ተትቷል።

ሁለቱን ክፍሎች የሠራው አንድ እጅ ነው። በሳሎን ታዘዘ፣ ሥራው ተበላሸ፤ በመኝታ ቤት አልታዘዘም፣ ሥራው ሰመረ። ታዲያ «ባለሙያ ትእዛዝ ይጣስ» ብለን እንደምድምን? ይህ የችኮላ ፍርድ ይሆናል። በስውር የተሠራ ትክክል የቤቱን ባለቤት ከነስሕተቱ ይተወዋል፤ ክረምቱ ባይመሰክር ኖሮ እኔም ያንኑ ስሕተት ሌላ ጊዜ ባዘዝሁ ነበር። «ታዝዞ ነው» ብለን ብናልፈውም፣ እያወቀ ማበላሸቱ ይቀራል። ነገር ግን ከዚህ አጣብቂኝ ያስገባው ማን ነው? እውነቱን ከነምክንያቱ ተናግሮ ነበር። ከወለሉ ክፍተት በፊት የተደፈነው ለቃሉ ሊተውለት ይገባ የነበረው ክፍተት ነው። የዐዋቂን ቃል መላወሻ የሚያሳጣ ሰው ከሁለት አንዱን ያገኛል፤ ወይ የታዘዘ ጥፋት፣ ወይ የተሰወረ እውነት።

ይህ የአናጢ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክፍለ ጊዜውን በራሱ ቃል ሞልቶ ለተማሪው ጥያቄ ደቂቃ ያልተወ መምህር፣ ጸጥታውን እንደ መግባባት ይቆጥረዋል። ስብሰባ የሚመራም ሰው፣ እጆች ሁሉ ባንድነት ሲወጡ ሐሳብም አንድ የሆነ ይመስለዋል። ጸጥታውም፣ የእጆቹም መውጣት በበጋ ያማረ ወለል ነው፤ ክረምት ገና አልፈተነውም።

አናጢውን እንደገና ባስጠራሁት ጊዜ አስቀድሜ ያልሁት «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ነው። ቀጥዬም ሽብልቁ የሚሰካበትን ምክንያት ከመነሻው እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። እስኪጨርስ ድረስ አላቋረጥሁትም። ከዚያ በኋላ የሳሎኑን ሳንቃ ዳር ከርክሞ፣ ክፍተቱን ተወለት።